ስለ ምርመራና ስለ መድኃኒት የምንናገርባቸው የአማርኛ ቃሎች ታሪክ

አንድ ሕዝብ ከሌላ ሕዝብ ጋር በንግድ፣ በሃይማኖት ወይም በጦርነት በተገናኘ ጊዜ የሚለዋወጠው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ቃልም ይለዋወጣል። ዕቃው ያረጃል፣ ይሰበራል፣ በሌላ ይተካል። ቃሉ ግን በሰው አፍ ላይ ይቀርና ዕቃው በየትኛው በር እንደ ገባ፣ ማን እንዳስገባው፣ ሕዝቡም ባየው ጊዜ ምን እንደ መሰለው ለኋለኛው ትውልድ ይመሰክራል። ስለዚህ የቃልን ታሪክ መመርመር የሕዝብን ታሪክ ከመመርመር የተለየ ሥራ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሐኪም ቤት የሚነገሩትን የአማርኛ ቃሎች፣ ይልቁንም ሐኪሙ ደዌውን ለማወቅ የሚሠራበትን መሣሪያና ለማዳን የሚያዝዘውን መድኃኒት የምንጠራባቸውን፣ ከየት እንደ መጡና በመካከላችን እንዴት እንደ ኖሩ መግለጽ ነው። ነገሩ የሰዋስው ሊቃውንት ክርክር ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሽተኛ የተነገረውን ካልተረዳ የታዘዘለትን አይፈጽምም፤ የታዘዘለትን ያልፈጸመም ብዙ ጊዜ አይድንም።

ከቃሎቹ ታሪክ የሚታየው ዋና ነገር ይህ ነው። የሕክምና ዕቃዎች ስም አብዛኛው ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው፤ ስሙን የሚያሠራው ግሥ ግን የአገሩ ተወላጅ ሆኖ ቀርቷል። ሕዝቡ የዕቃውን ስም ከባዕድ ይቀበላል፤ ዕቃው በሰውነቱ ላይ የሚያደርገውን ግን በራሱ ግሥ ይናገራል። በሽተኛው ስለ ሕመሙና ስለ ራሱ የሚያስበውን ለማወቅ የሚሻ ሰው ከስሙ ይልቅ ግሡን ማድመጥ ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የተባለው በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገረ ሲሆን፣ «ዓ.ም.» ብቻ የተጻፈበት የአገራችን አቈጣጠር ነው።

፩. ጥንታውያን ቃሎች

በግእዝ መጻሕፍት የሕክምና ባለሙያ «ዐቃቤ ሥራይ» ይባላል፤ ሥራይን የሚጠብቅ ማለት ነው። «ሥራይ» ግን ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። ባንድ ወገን መድኃኒት፣ በሌላ ወገን ደግሞ አስማትና መርዝ ማለት ነው። በጥንቱ ሰው ዘንድ የሚያድነውን ሥር የሚያውቅ የሚገድለውንም ያውቃል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ የመድኃኒት አዋቂው በአንድነት ይከበርም ይፈራም ነበር።

«መድኃኒት» የሚለውም ቃል ከዕፀዋት ዕውቀት የተወለደ አይደለም። በግእዝ «ድኅነ» ከሚለው ግሥ ወጥቶ መዳንን፣ ከጥፋት ማምለጥን የሚያመለክት ቃል ነው። መድኃኔ ዓለም ስንል የዓለም አዳኝ ማለታችን ነው። አማርኛ ይህን ታላቅ ቃል ወስዶ በብልቃጥ ላለውና በወረቀት ለተጠቀለለው ነገር ስም አደረገው። ስለዚህ በአማርኛ «ዳነ» የተባለ ሰው ሕመሙ የተወው ብቻ ሳይሆን ከመከራ የወጣም ነው።

በሽታንም የምንናገርበት ግሥ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሰው «ወባ ያዘው»፣ «ጉንፋን ያዘው» ይባላል፤ ሲሻለው ደግሞ «ለቀቀው» ይባላል። በዚህ አነጋገር በሽታው እንደ ወራሪ ወይም እንደ ሽፍታ ያለ ያዥ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ምርኮኛ ነው። የሚያዝ ሰው ይታዘንለታል እንጂ አይወቀስም። ይህን በኋላ እንመለስበታለን።

የአገራችን መድኃኒት ስሙን ወደ ውጭ የላከበትም ጊዜ አለ። ኮሶ በአማርኛ የዛፉም፣ ከአበባው የሚዘጋጀው መድኃኒትም፣ በእርሱ የሚወጣው ትልም ስም ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ዛፉን ገልጾ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው። ከእርሱ በኋላ የመጣ ሌላ ሊቅ ስሙን ለውጦ በጀርመናዊው በሐገን ስም ጠራው፤ ዛሬም በዕፀዋት ጥናት የሚጸናው ይህ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ብራየር ለተባለ የፈረንሳይ ሐኪም መታሰቢያ አደረገው። የአውሮፓ መድኃኒት ቀማሚዎች ግን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አበባውን ሲሸጡ ከሦስቱ ስሞች ይልቅ «ኮሶ» የሚለውን የባላገሩን ስም በየቋንቋቸው አጻጻፍ ያዙ። ከአበባው ለይተው ያወጡትንም ንጥረ ነገር ኮሲንና ኮሶቶክሲን አሉት። ዕቃው በሄደበት ስሙም እንደሚሄድ ይህ በቂ ምስክር ነው።

፪. ሐኪም

«ሐኪም» የዐረብኛ ቃል ነው፤ በዚያ ቋንቋ ጠቢብም ባለ መድኃኒትም ማለት ነው። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲገባ በስምነት ብቻ አልቀረም። ከርሱ «አከመ»፣ «ታከመ»፣ «አሳከመ» የሚሉ ግሦችና «ሕክምና» የሚል ስም ተወለዱ። እንግዳው ጎጆ ወጥቶ ልጆች ወለደ ማለት ይቻላል። «ቤት» የሚለው ጥንታዊ የአገር ቃልም ከሐኪምና ከመድኃኒት ጋር ተጋብቶ «ሐኪም ቤት» እና «መድኃኒት ቤት» የሚሉ ስሞች ተገኙ፤ ሆስፒታልና ፋርማሲ የሚሉት ቃሎች ከመጡም በኋላ እነዚህ ከሕዝቡ አፍ አልጠፉም።

ቃሉ ከሰው ስም ጋር እንደ ማዕርግ ሆኖ የተነገረበት ዋናው ምሳሌ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኰንኖች እጅ ገብተው ወደ ሕንድ ተወሰዱ። በዚያም ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ በላሆር ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ወገኖቻቸውን አገኙ። በዘመናዊ ትምህርት ሐኪም ለመሆን የበቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሳቸው ናቸው። ሕዝቡ በአውሮፓ ቋንቋ ማዕርግ አልጠራቸውም፤ «ሐኪም ወርቅነህ» አላቸው፤ በዚሁ ስም በታሪክ ይታወቃሉ።

፫. ራጅ

ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በቩርዝቡርግ ከተማ ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳይ ጨረር አገኘ። ምንነቱን ገና ስላላወቀው በሒሳብ ልማድ «ኤክስ» አለው። አራት ወር ሳይሞላ የካቲት 23 ቀን የአድዋ ጦርነት ሆነ። ሁለቱ ነገሮች ባንድ ዓመት ከመዋላቸው በቀር የሚያገናኛቸው የሌለ ይመስላል። ነገር ግን ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በኋላ አልቫሮ የተባለ የኢጣልያ የጦር ሐኪም፣ በኢትዮጵያ ዘመቻ የቈሰሉ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል በዚህ ጨረር አይቶ የጥይቱን ቦታ አገኘ። ይህ ጨረር ለጦር ቍስለኛ ያገለገለበት የመጀመሪያው ጊዜ እንደ ሆነ በሕክምና ታሪክ ተጽፏል። በእኛም ወገን ለቈሰሉት በዚያው ዓመት ክረምት የሩስያ ቀይ መስቀል ጓድ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር።

ኢጣልያኖች ጨረርን በብዙ ቍጥር «ራጂ» ይላሉ። የእኛ «ራጅ» ከዚህ የመጣ ነው። ብቻውንም አልመጣም። ቍስል የሚጠቀለልበት «ፋሻ»፣ የተሰበረ አጥንት የሚታሰርበት «ጄሶ» እና የሚዋጠው «ክኒን» በዚሁ በኢጣልያንኛ በር የገቡ ዘመዶቹ ናቸው። በጦር ሜዳ ያሸነፍነው፣ በኋላም ለአምስት ዓመት የወረረን ሕዝብ ቋንቋ በሐኪም ቤታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ነገር ግን ግሡን እንመልከት። በአማርኛ ሰው ራጅ «ተነሣ» ይባላል። ይህ ግሥ የተወሰደው ከፎቶግራፍ ነው። ሕዝቡ ይህን መሣሪያ ያየው በጊዜው ከሚያውቀው ነገር ጋር አመሳስሎ ነው፤ ይኸውም በዝምታ ቆመው፣ ትንፋሽ ይዘው፣ በጨለማ ክፍል ታጥቦ የሚወጣ ሥዕል ነው። ምሳሌው ትክክል ነው፤ ራጅ ሥዕል ማንሻ እንጂ መድኃኒት አይደለምና። «ራጅ ተነሣሁ» የሚል ሰው ገና መታከም እንደሚቀረው ያውቃል። ሐኪሙ በደንብ ሳያስረዳ «ማሽን ውስጥ ይግቡ» ብቻ ብሎ የሰደደው ሰው ግን ማሽኑ አክሞኛል ብሎ ወደ ቤቱ ቢሄድ አይፈረድበትም።

አማርኛ በዚህ ረገድ ከኢጣልያንኛው ይልቅ ጠንቃቃ ሆኗል። ለማየት የሚያገለግለውን «ራጅ» ሲል፣ ነቀርሳን ለማቃጠል የሚያገለግለውን «የጨረር ሕክምና» ብሎ ለይቶታል። በመሠረቱ ሁለቱም ቃሎች አንድ ነገር ማለት ናቸው፤ ሕዝቡ ግን የሚያየውንና የሚያቃጥለውን በሁለት ስም ጠርቶ አለያያቸው።

ከራጅ በፊት የተሰበረ አጥንት የሚታየው በወጌሻ ጣት ነበር። ወጌሻ ዳስሶ ያውቃል፤ ራጅ አንሥቶ ያሳያል። ይሁን እንጂ ወጌሻ ከነስሙ አልጠፋም። ዛሬ በእግር ኳስ ሜዳ የወደቀውን ተጫዋች ለማንሣት ሣጥኑን ይዞ የሚሮጠው ባለሙያ ወጌሻ ይባላል።

፬. መርፌ፣ ክኒንና ክትባት

«መርፌ» በግእዝ መስፋት ማለት ከሆነው «ረፍአ» የወጣ ነው፤ በጥንት ሥራው ጨርቅ ይሰፋል። ዘመናዊ ሕክምና ሲመጣ ያው ስም መድኃኒት በሥጋ ውስጥ የሚያስገባውን መሣሪያ ተሸከመ። ግሡ ግን ከልብስ ሰፊ አልተወሰደም። በሽተኛ መርፌ «ይወጋል»፤ ይህም በጦር የምንናገርበት ግሥ ነው። በጎናችን የሚሰማን ሕመም «ውጋት» የተባለውም ከዚሁ ነው። ሕዝቡ ደዌን በደዌ ግሥ ሲያወጣ፣ ማለት ውጋትን በመወጋት ሲያድን፣ መድኃኒቱ ኀይለኛ መሆኑን ያምናል። በብዙ ቦታ በሽተኛ ከክኒን ይልቅ መርፌን የሚመርጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

«ክኒን» የሚለው ስም የተወለደው ከአንድ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት ከደቡብ አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት የወባን መድኃኒት ለይተው ኪኒን አሉት። ኢጣልያኖች ኪኒኖ ይሉታል። ወባን አባቶቻችን ንዳድ ይሉት ነበር፤ የሚያነድ ማለት ነው። ቆላ የሚወርድ ሁሉ የሚፈራው ይህ በሽታ ስለ ነበር፣ የእርሱ መድኃኒት ስም ለሚዋጠው እንክብል ሁሉ ስም ሆነ። ዛሬ ለራስ ምታት የሚሰጠውም፣ ለልብ የሚሰጠውም ክኒን ነው፤ ኪኒን የሌለበት ክኒን ማለት ነው። ከበሽታዎች ሁሉ መካከል ወባ ምን ያህል ቦታ እንደ ነበረው ከዚህ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1958 በደጋውና በወይና ደጋው በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150,000 ያህል እንደ ሞቱ መገመቱን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ አይደንቀውም።

ክኒን አዲስ ግሥም አምጥቷል። የጥንት መድኃኒት ይጠጣ፣ ይታጠን፣ ይቀባ ነበር፤ ኮሶ «ይጠጣል»። ክኒን ግን «ይዋጣል»። ይህ ሕዝቡ ራሱ ያገኘው ግሥ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣነው ግን «መድኃኒት ወሰደ» ማለት ጀምረናል፤ ይህ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የተገለበጠ አነጋገር ነው። በአገራችን አማርኛ መውሰድ ይዞ መሄድ ነው። «ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ውሰድ» የተባለ ባላገር መድኃኒቱን በኩታው ጫፍ ቋጥሮ ቢሄድ ቃል በቃል ታዝዟል። «በቀን ሦስት ጊዜ ዋጥ» ቢባል ግን የሚሳሳት የለም።

«ክትባት» የሚለው ቃል ደግሞ የሚያስገርም ዝምድና አለው። «ከተበ» መጻፍ ነው፤ በብራና ተጽፎ በአንገት የሚታሰረው «ክታብ» ከዚሁ ሥር ነው። ፈንጣጣን አስቀድሞ መከላከል ለአገራችን ከውጭ የመጣ ዐሳብ ብቻ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ የአገሩ ሰው ከፈንጣጣ በሽተኛ መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በስለት ጭሮ ያስገባ እንደ ነበር ጽፏል። ስለዚህ ዘመናዊው ክትባት ሲመጣ ሕዝቡ ስምም ምሳሌም ነበረው፤ ክታብ በብራና ይጻፋል፣ ክትባት በክንድ ላይ ይጻፋል፤ ሁለቱም ክፉን ለማራቅ ነው። የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1971 ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 የመጨረሻው በሽተኛ በኦጋዴን ተገኘ። ያ በሽታ ከዓለም ጠፍቷል፤ በብዙ አረጋውያን ክንድ ላይ ግን ጽሕፈቱ ይታያል።

፭. ምርመራ

እስካሁን ያየናቸው ግሦች ሰው በበሽታ መያዙን፣ መወጋቱን፣ መዋጡንና መዳኑን የሚናገሩ ናቸው። አሁን ወደ ሌላ ዐይነት ግሦች እንመጣለን።

ሐኪሙ ደዌውን ለማወቅ የሚያደርገው ሁሉ «ምርመራ» ይባላል። ቃሉ ጥንታዊና የተከበረ ነው፤ መጻሕፍት ይመረመራሉ። ሆኖም በዕለት ኑሮ ምርመራ የሚባለው ከሁሉ ይልቅ የወንጀል ምርመራ ነው፤ መርማሪም የፖሊስ ሹም ነው። ሐኪሙ መድኃኒት የሚያዝዝበት ወረቀት «ማዘዣ» ይባላል፤ ማዘዣ ከባለሥልጣንም ይወጣል። በሽተኛው ተመልሶ እንዲታይ ሲፈለግ «ክትትል» ይደረግለታል፤ ክትትል በተጠረጠረም ሰው ላይ ይደረጋል። ምርመራው ሲያልቅ በሽታው የሌለበት «ነጻ ነው» ይባላል፤ ይህ ዳኛ የሚያሰናብተው ተከሳሽ የሚባለው ቃል ነው። በሽታው ያለበት ደግሞ «ተገኘበት» ይባላል፤ የሰረቀውም ሰው ዕቃው ተገኘበት ይባላል።

እነዚህን ቃሎች ማንም በክፋት አልመረጣቸውም። ዘመናዊው ሐኪም ቤትና ዘመናዊው ፍርድ ቤት ባንድ ዘመን፣ ባንድ መንግሥት እጅ፣ በአንድ ዐይነት የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ስለ ተቋቋሙ ቃሎቻቸው ተደባልቀዋል። ውጤቱ ግን ቀላል አይደለም። በጥንቱ አነጋገር ወንጀለኛው በሽታው ነበር፤ ያዘው፣ ለቀቀው ይባላልና። በአዲሱ አነጋገር ግን ተመርማሪው ሰውየው ሆነ። የተማረከው ሰው እንደ ተከሳሽ ቆመ።

ይህ አነጋገር ጉዳቱ ጎልቶ የታየው በኤድስ ዘመን ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ለብዙ ዓመታት ሰው ሊመረመር ሲጠየቅ የሚፈራው ሞትን ብቻ አልነበረም፤ «ተገኘበት» መባልንም ነበር። ያልተገኘበት «ነጻ» ሲባል የተገኘበት ሳይፈረድበት የተፈረደበት መሰለ። እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱ ያለ ክፍያ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ብዙ ነፍስ ድኗል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ለመዋጥ አስቀድሞ መመርመር፣ ለመመርመርም ያንን ቃል አለመፍራት ያስፈልግ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላም ሁለቱ አነጋገሮች ጎን ለጎን ይሰሙ ነበር፤ አንዱ «በቫይረሱ የተያዙ» ሲል፣ ሌላው «ቫይረሱ የተገኘባቸው» ይል ነበር። ቍጥሩ አንድ ነው፤ ለሰሚው ግን አንድ አይደለም።

፮. የሚያሳስቱ ስሞች

የአገር ቃል ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 ሪቫ ሮቺ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም በክንድ ላይ ታስሮ የደምን ግፊት የሚለካውን መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በመጣ ጊዜ ግሡ «ለካ» ሆነ፤ እህልና ጨርቅ እንደሚለካ ማለት ነው፤ ይህ መልካም ነው። የበሽታው ስም ግን በሕዝቡ አፍ «ደም ብዛት» ተባለ። በሽታው ደም በመብዛቱ ሳይሆን በሥሮች ውስጥ የሚገፋበት ኀይል በመበርታቱ ነው። ደም በዛ የተባለ ሰው ደግሞ ደምን በቀንድ ስቦ የሚያወጣውን ዋግምትን ቢያስታውስ፣ ዕለት ዕለት የሚዋጠው ክኒን ለምን እንዳስፈለገ ባይገባው የቃሉ ጥፋት ነው። «የደም ግፊት» የሚለው ስም ከዚህ ይልቅ ትክክል ነው፤ እየተለመደም ሄዷል።

ከዚህ የሚብሰው «ነቀርሳ» ነው። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው ቲቢ ነው፤ የጡት ነቀርሳ የምንለው ግን ካንሰር ነው። አንዱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በተወሰነ ጊዜ መድኃኒት የሚድን ነው፤ ሌላው የማይተላለፍ፣ ሕክምናውም ፈጽሞ የተለየ ነው። ሁለቱም ግን ባንድ ስም ይጠራሉ።

እኔ ራሴ የማውቀውን ልጨምር። ባላገር የምትኖር አክስቴ ብዙ ጊዜ አስላት ወደ ሐኪም ቤት ሄደች፤ ራጅ ተነሣች፤ አክታዋም ታየ። «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ብለው መድኃኒት ሰጧት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎረቤቷ በጡት ነቀርሳ ሞታ ነበር፤ አክስቴም የሰማችው «ነቀርሳ» የሚለውን ብቻ ነበር። መድኃኒቱን ከሣጥን ውስጥ ከታ፣ ለልጆቿ መሬቷን አከፋፍላ፣ ሞቷን መጠበቅ ጀመረች። በሁለተኛው ወር የቀበሌው የጤና ሠራተኛ ቤቷ መጥታ ነገሩን ሰማችና፣ «እማማ፣ ይህ የያዘዎት በሽታ ነው፤ ስድስት ወር ሳያቋርጡ መድኃኒቱን ከዋጡ ይለቅዎታል» አለቻት። አክስቴ ይህን ጊዜ፣ «ታዲያ ይለቃል ካላችሁኝ እስካሁን ምን ያስቀምጠኝ ነበር?» ብላ ሣጥኑን ከፈተች። ድናለች። ያዳናት መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒቱን እንድትውጥ ያደረጋት ግን «ይለቅዎታል» የሚለው ግሥ ነው።

መድኃኒቱን ጀምሮ ማቋረጥ ሌላ አደጋ አለው። ከሞት የተረፉት ተሕዋስያን ለመድኃኒቱ የማይበገሩ ሆነው ይራባሉ። ይህ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ይባላል። መላመድ በአማርኛ የጎረቤትና የከብት ጠባይ ነው፤ ጠላትን የሚያሳይ ቃል አይደለም። ብዙ ሰው ሲሰማው የተላመደው የራሱ ሰውነት ይመስለዋል። «መድኃኒት የማይበግረው» ቢባል ነገሩ በይበልጥ ይገለጥ ነበር።

፯. አዲሶቹ መሣሪያዎችና የቃል ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1958 በግላስጎ የኢያን ዶናልድ ጥናት በድምፅ ሞገድ ፅንስን ማየት እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1971 በእንግሊዝ አገር ሐውንስፊልድ የሠራው ማሽን የመጀመሪያውን በሽተኛ አእምሮ ከፋፍሎ አሳየ። ከዚያም በመግነጢስ ኀይል የሚሠራው መጣ። እነዚህ ወደ እኛ የደረሱት በእንግሊዝኛ በር ስለ ሆነ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ ተብለው ቀሩ። ሕዝቡ ግን እንደ ልማዱ ግሥ ሰጣቸው። ነፍሰ ጡር ሴት አልትራሳውንድ «ታየች» ትባላለች፤ ኤም አር አይ ግን እንደ ራጅ «ይነሣሉ»። የራጅ ግሥ ከራጅ በኋላ የመጡትን ልጆች አስተዳደረ።

በቋንቋ ምሁራን የተሠሩት ቃሎች ዕድላቸው የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመ ጀምሮ ለሳይንስ ቃሎች የአማርኛ አቻ ለማግኘት ብዙ ተደክሟል። «ቤተ ሙከራ» በትምህርት ቤት መጻሕፍት ጸንቷል፤ በሐኪም ቤት ግን ላብራቶሪን አላስለቀቀም። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ ደሙን ለመስጠት የመጣ ሰው በእኔ ላይ ምን ሊሞከር ነው ብሎ ይሰጋልና። በአንጻሩ «ለይቶ ማቆያ» የሚለው በኮሮና ዘመን ከዳር እስከ ዳር ተሰማ፤ ማንም ትርጕሙን አልጠየቀም። ለየ፣ አቆየ የሚሉት ግሦች የሁሉም ናቸውና። ስሙ ሥራውን ነገረ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ለእንግዳ ስም መጨነቅ አያስፈልግም፤ ራጅና ክኒን እንደ ኖሩ ሲቲ ስካንም ይኖራል። ሐኪምም ከዐረብ አገር መጥቶ አክሞናል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በግሡና በሽተኛው ስለ ራሱ በሚሰማው ነገር ነው። በሽታ ያለበትን ሰው «ተገኘበት» ከማለት «ያዘው» ማለት፣ ያልያዘውን «ነጻ» ከማለት «አልያዘውም» ማለት፣ «ውሰድ» ከማለት «ዋጥ» ማለት ገንዘብ አያስወጣም፤ አዲስ መዝገበ ቃላትም አይጠይቅም። እነዚህ ቃሎች አስቀድመው በሕዝቡ አፍ ይኖራሉ። የቃል ሥራ የሚሠሩ ሊቃውንት ስብሰባቸውን ከመጀመራቸው በፊት ጥቂት ቀን በሐኪም ቤት ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የሚገባውና የሚወጣው በሽተኛ ለጓደኛው «ምን አሉህ?» ሲባል የሚመልሰውን ቢያደምጡ፣ የሚፈልጉትን አብዛኛውን በዚያ ያገኙታል።